«ሌላስ?» የሚሉት ሐኪም

በእኛ ቤት «ሌላስ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው «ደህና» ብሎ ማምለጥ አይችልም። ሕግ ነው። ሕጉን ያወጣው ባለቤቴ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና። ያጸናሁት ግን እኔ ነኝ፤ ልጃችን ደግሞ አፏን ከፈታችበት ጊዜ ጀምሮ እኛኑ መልሳ ስታስገድደን ኖራለች። «ሌላስ?» ከተባልክ እውነተኛ ነገር ታወጣለህ። ጉልበትህን ካመመህ ጉልበቴን ትላለህ። ቧንቧው ካንጠባጠበ እሱን ትናገራለህ። አኩርፈህ ከሆነም ማኩረፍህን ትናገራለህ። እንግዳ ሰው አጠገባችን ቁጭ ብሎ ሲሰማን ሰላምታ የምንለዋወጥ ሳይሆን የምንካሰስ ይመስለዋል።

ዛሬ ጠዋት ልጄ ፅንሷን ለመጀመሪያ ጊዜ በአልትራሳውንድ ልትታይ ሄዳለች። የምትኖረው ሌላ ከተማ ስለሆነ አብሬያት መሄድ አልቻልኩም። ስልኬን ስፌት ማሽኑ ላይ አስቀምጬ አፍጥጬበታለሁ። እጄ ሥራ እንዳይፈታ ብዬ የጎረቤቴን መጋረጃ ጀምሬ ነበር፤ ሰፋሁት፣ ተንሻፈፈ፣ ፈታሁት፣ ደግሜ ሰፋሁት፣ ደግሞ ተንሻፈፈ። ትናንት ስትደውል «እማዬ፣ አታስቢ» አለችኝ። ይሄ ምክር ከተፈጠረ ጀምሮ ማንን ጠቅሞ ያውቃል? «ሆድሽን ያምሻል?» አልኳት። «ኧረ አያመኝም»። «ትከሻሽንስ?» ስላት ሳቀችብኝ። የትከሻውን ነገር ታውቀዋለች፤ እሱን እየሰማች ነው ያደገችው።

ያኔ እኔና ባለቤቴ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተን ልብስ እንሰፋ ነበር። ማሽኖቻችን ፊት ለፊት ስለተቀመጡ ስንሠራ ጉልበታችን ይነካካል፤ ክፍሉ ሰፋ ያለ ቢሆን ኖሮ እንዲያ እንዋደድ እንደነበር እጠራጠራለሁ። እሱን ሰፈርተኛው ሁሉ «ሜትር» ይለው ነበር። መለኪያ ሜትሩን ከአንገቱ አውልቆ አያውቅም። በሠርጋችን ቀን እንኳ ከረባቱ ሥር ደብቆ መጥቶ አገኘሁበት። «ምነው፣ ዛሬንስ ብትተወው?» ስለው፣ «ገና መች ለክቼሽ ጨረስኩና» አለኝ። ሰዎች አጠገባችን ቆመው ነበር፤ እፍረቴን ዋጥኩ።

መደርደሪያው ላይ አንዲት ሬዲዮ ነበረችን። አንቴናዋ ላይ ትልቁን መቀስ ካልሰቀልንባት አትናገርም ነበር። ጨርቅ ልንቆርጥ መቀሱን ባነሳን ቁጥር ዜናው መሃል ላይ ይቋረጣል። ስለዚህ በዚያ ዘመን በዓለም ላይ የሆነውን ሁሉ የማውቀው በግማሹ ነው። የትኛው ጦርነት እንደቆመ፣ የትኛው እንደቀጠለ እስከ ዛሬ ይምታታብኛል። ዛሬ ስልኬ ውስጥ የፈለግኩትን ጣቢያ አገኛለሁ፤ እንደዚያች ሬዲዮ ግን የምሰማው የለኝም። ያን ክፍል እናፍቀዋለሁ፤ ሽፋኑ የተላጠውን ወንበር፣ ወለሉ ላይ የሚጠራቀመውን ቁራጭ ጨርቅ፣ የጠመኔውን ብናኝ፣ ሁሉንም።

ልጅ ግን አልነበረንም። ተጋብተን ዓመታት አልፈዋል። ዘመድ ሲያገኘኝ ሰላምታውን በሥርዓት ይደረድራል፤ ሥራስ፣ ጤናስ፣ ቤትስ ይላል፤ መጨረሻ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሌላስ?» ሲል ዓይኑ ሆዴ ላይ ያርፋል። አማቴማ «ሌላስ?»ን የምትልበት የራሷ ዜማ ነበራት። ደግ ሴት ነበረች፣ አልዋሽም። ዜማዋ ግን አጥንቴ ድረስ ይገባ ነበር። እኔም መልስ ለመድኩ፤ ጥያቄው ሳያልቅ «ደህና!» እላለሁ። «ደህና» ማለት በር መዝጊያዬ ነበር። ማንም እንዳይገባ ቶሎ ብዬ እዘጋዋለሁ።

በመጨረሻ አንድ ሐኪም እንቁላል የሚያነሳሳ ኪኒን አዘዘልኝና ፀነስኩ። ክሊኒክ ሄድን። ሆዴን ቀዝቃዛ ጄል ቀብታ የምታየው ባለሙያ ስክሪኑን ወደኛ አዙራ፣ «ይኸው፣ ማህፀን ውስጥ ነው። ይቺ ብልጭ ድርግም የምትለው ልቡ ናት። እንኳን ደስ አላችሁ» አለችን። ሜትር «ርዝመቱ ስንት ነው?» ብሎ ጠየቃት። በሚሊሜትር ነገረችው። ከአንገቱ ሜትሩን ስቦ ሚሊሜትር መፈለግ ጀመረ፤ ከአገልግሎት ብዛት የተነሳ ትንንሾቹ መስመሮች ጠፍተዋል። ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ጣቱን ከጣቱ እያስጠጋ «ይሄን ታህል» እያለ መንገደኛውን ሁሉ አስቸገረ። አዲስ ሜትር የገዛው በዚያ ሳምንት ነው።

ብዙም አልቆየንም፤ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ዩኒፎርም ሲከመርብን ትከሻዬን ያመኝ ጀመር። ቀኙን፣ ጫፉ ላይ። ልብስ ሰፊ ትከሻዬን አመመኝ ቢል ማን ይደነቃል? «ማሽኑ በላሽ» አለኝ ሜትር፤ ከኋላዬ ቆሞ አሸልኝ። ወንበሬን በተጣጠፈ ጨርቅ ከፍ አደረገልኝ። ለሥራ አቀማመጥሽ ነው ተባባልንና ተውነው። ሆዴንም ከታች በቀኝ በኩል ይወጋኝ ነበር፤ እሱን ግን ለሜትርም አልነገርኩትም። ከተናገርኩት እውነት ይሆንብኛል ብዬ ፈራሁ። ስንት ዓመት የጠበቅኩትን ነገር በገዛ አፌ ማባረር መሰለኝ።

አንድ ጠዋት ክር ላነሳ ጎንበስ ብዬ ቀና ስል ክፍሉ ጨለመብኝ። የወደቅኩት የዩኒፎርሙ ክምር ላይ ነው፤ የዚያን ዓመት ተማሪዎች ባይኖሩ ጭንቅላቴን እፈጠፈጥ ነበር። ሜትር አቅፎ አወጣኝ፤ ሱቁን ሳይዘጋ፣ ሬዲዮዋን ሳያጠፋ ሆስፒታል ወሰደኝ።

መጀመሪያ ያየኝ ወጣት ሐኪም ነው፤ ገና በመሠልጠን ላይ ያለ፣ ትሁት ልጅ። አልትራሳውንዱን ሆዴ ላይ አድርጎ ብዙም ሳይቆይ ፊቱ በራ። «ፅንሱ ማህፀን ውስጥ ነው፤ ልቡም ይመታል። እኔ የፈራሁት ከማህፀን ውጭ የተቀመጠ እርግዝና እንዳይሆን ነበር። ውስጥ ካለ ውጭ አይደለም ማለት ነው» አለን። እኔም ሜትርም ተነፈስን። ከዚህ በላይ ምን እንፈልጋለን?

በዚህ መሃል አንድ ሸበቶ ሐኪም ገቡ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለዋል። በዚያ ሕመም ውስጥ ሆኜ መጀመሪያ ያየሁት ግን የጋዋናቸውን እጅጌ ነው፤ ጫፉ ተተርትሮ በስቴፕለር ተመትቷል። የወረቀት ስቴፕለር! ሆዴን ትቼ በሱ ተናደድኩ። የዓይኔን ቆብ ሳብ አድርገው ውስጡን አዩ፤ ነጭ ሆኗል መሰለኝ ከንፈራቸውን ነከሱ። ወጣቱ ያገኘውን ነገራቸው።

«ሌላስ?» አሉት።

«ሌላ ምንም አላየሁም ዶክተር።»

ወደኔ ዞሩ። «ሌላስ?»

አፌ ለምዶበታል። «ደህና፣ ተመስገን» አልኩ።

«ሌላስ?»

«ሁሉም ሰላም ነው። እርስዎስ ደህና ነዎት?»

ወጣቱ ሐኪም ሳቁን በሳል አስመስሎ ደበቀው። ሽማግሌው ግን በደንብ ሳቁ። «እህቴ» አሉኝ፣ «ሰላም እያልኩሽ አይደለም እኮ። ከሆድሽ ሌላ የሚያምሽ ነገር አለ ወይ ነው የምልሽ።»

ትከሻዬ ትዝ አላለኝም ብል ውሸት ነው፤ ትዝ ብሎኛል። ግን ትከሻዬ የሥራ ነው፣ የማሽን ነው፤ ሐኪምን በዚያ ማስቸገር ነውር መሰለኝ። ከበሩ በኩል ሜትር፣ «ትከሻዋን ያማታል ዶክተር። እሱ ግን የስፌት ነው፣ እኔንም ያመኛል» አለ።

የሐኪሙ ሳቅ ጠፋ። «የትኛውን ትከሻሽን? ስትተኚ ይብስብሻል?»

«ቀኙን። አዎ፣ ስተኛ ይብስብኛል።»

ሜትርን ቀና ብለው አዩት። «አንተንስ ስትተኛ ይብስብሃል?»

«የለም፤ እኔ ስተኛ ይሻለኛል» አለ ሜትር፤ ይህን ሲል ድምፁ ተሰበረ።

የአልትራሳውንዱን እጀታ ከወጣቱ ተቀብለው ራሳቸው ያዙት። ፅንሱ ካለበት ራቅ አድርገው ወደ ጎን ወሰዱት። እኔ ሞኟ የተሳሳቱ መስሎኝ «ዶክተር፣ ልጁ እኮ እዚያ ጋ ነው» አልኳቸው። «እሱን አየነው፣ ያለበትን አውቀናል» አሉኝ በለሆሳስ። ቀኝ ጎኔ ላይ ቆሙ። ከዚያ ወደ ጉበቴ ወጡ፣ ተመልሰው ወረዱ። ወጣቱን ጠርተው በጣታቸው አሳዩት። እሱም ስክሪኑን እንዳየ የቀዶ ጥገናውን ክፍል ሊያስከፍት ሮጠ።

ከዚያ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡና ነገሩኝ። ደግ ድምፅ ነበራቸው፤ ነገሩን ግን አላድበሰበሱም።

«ሁለት ነው የፀነስሽው። አንዱ ማህፀንሽ ውስጥ ገብቶ በደህና ተቀምጧል። ሌላው መንገድ ላይ ቀርቷል፤ ከእንቁላል ማምረቻው ወደ ማህፀን በሚወስደው ቀጭን ቱቦ ውስጥ። ቱቦው አይለጠጥም። ቀስ በቀስ ሲደማ ቆይቶ አሁን ፈንድቷል፤ ሆድሽ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ነው። ትከሻሽን ያመመሽ ደሙ ወደ ላይ ወጥቶ ከሳንባሽ ሥር ያለውን ጡንቻ ስለነካው ነው፤ ጡንቻውና ትከሻሽ አንድ ነርቭ ይጋራሉ። ማሽኑን አትውቀሺው።»

ስሙንም ነገሩኝ፤ ሄትሮቶፒክ ይባላል። ያለ ኪኒን ከሆነ እጅግ ብርቅ ነው፤ እንደኔ ኪኒን የወሰደች ሴት ላይ ግን በዛ ብሎ ይታያል አሉ። አንዱ በቦታው ሲታይ ዓይን ስለሚያርፍ ሌላው ይረሳል። ሜትር፣ «መርፌ ወይ መድኃኒት የለውም?» አላቸው። «የፅንስን እድገት የሚያቆም መድኃኒት አለ» አሉት። «ግን የትኛውን ማቆም እንዳለበት አያውቅም። ውስጥ ያለውንም ይገድልብናል። ደግሞ ደም እየፈሰሰ መድኃኒት አይጠበቅም። መክፈት አለብኝ፤ የፈነዳውን ቱቦ አውጥቼ ደሙን አቆማለሁ። ማህፀኗን አልነካም።»

«ልጁስ?» አለ ሜትር።

«ብዙዎቹ ይተርፋሉ። ቃል ግን አልገባም።»

ሜትር እኔን አየኝ። እኔ የዚያን ሰዓት ክፋቴን አልደብቅም፤ «ልጁ የማይተርፍ ከሆነ ተዉኝ» ነው ያልኩት። ሜትር ከተጋባን ወዲህ ጮሆብኝ አያውቅም፤ ያን ቀን ጮኸብኝ። «አንቺ ሴት! እኔ አንቺን ትቼ ማሽኑን ልቀፈው?» አለኝ። ሐኪሙ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። እሺ አልኩ።

በአልጋው እየገፉ ሲወስዱኝ ሸበቶው ሐኪም አጠገቤ ይሄዱ ነበር። እጅጌያቸውን ይዤ፣ «ዶክተር፣ እባክዎ እንደዚህ እንዳይሰፉኝ» አልኳቸው። ስቴፕለሩን አይተው፣ «ለሰው የምጠቀምበት ክር ሌላ ነው» አሉኝ። የማስታውሰው እስከዚህ ነው።

ስነቃ ሜትር አጠገቤ ተቀምጧል፣ ክንዱ ላይ ጥጥ ተለጥፏል። ለኔ ከደም ባንኩ ወስደው ስለሰጡኝ እሱ ደግሞ ለሌላ ሰው እንዲተካ ለግሷል። ነርሷ ሜትሩን ከአንገትህ አውልቅ ብትለው እምቢ ብሏት ተጣልተዋል። «ልጁስ?» አልኩት። «ነገ ያያሉ» አለኝ። ያ መጠበቅ ከቀዶ ጥገናው የባሰ ነበር። ሆዴን መንካት ፈራሁ። ሜትር ስለ ሬዲዮዋ ያወራልኝ ጀመር፤ ሳያጠፋት ስለመጣ ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ትናገራለች። «ለመጀመሪያ ጊዜ ዜናውን እስከ መጨረሻው ጨረሰች፣ እኛ ግን የለንም» አለኝ። ልስቅ ስል ስፌቴ ያዘኝ፤ አለቀስኩ።

በማግስቱ ጠዋት መጡ። ጄሉን ቀቡኝ። ሐኪሙ አዩ፣ ወጣቱም አየ። ከዚያ ስክሪኑን ወደኔ አዞሩት። ብልጭ፣ ድርግም። ብልጭ፣ ድርግም። ያቺ ፍሬ የማታህል ነገር እዚያው ናት፤ ትመታለች። ሜትር እንባውን በሜትሩ ጫፍ ጠረገ።

ሁሉም ፈገግ ብለው ሊወጡ ሲሉ፣ ከየት እንደመጣ ሳላውቅ፣ «ሌላውስ?» አልኩ።

ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። ሸበቶው ሐኪም ግን ተመልሰው ተቀመጡ። «ሌላው መኖር አይችልም ነበር» አሉኝ። «ያ ቦታ ልጅ የሚያሳድግ ቦታ አይደለም። ብንተወው ሦስታችሁንም እናጣ ነበር።»

«እሱስ ገብቶኛል። ግን ነበረ፣ አይደል?»

እጄን ያዙት። «ነበረ» አሉኝ።

ለዚያች ቃል እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ ያገኘኝ ሰው ሁሉ «ዋናው አንዱ መትረፉ ነው» ሲለኝ ኖሯል፤ እውነት ነው፣ ዋናው እሱ ነው። ሌላው ነበረ ያለኝ ግን እሳቸው ብቻ ናቸው። ሊወጡ ሲሉ ጋዋናቸውን አስወለቅኳቸው። ሜትር ከኮሌታው ሥር ሁልጊዜ መርፌ ሰክቶ ይይዝ ነበር፤ ስቴፕለሩን ነቅዬ፣ አልጋዬ ላይ ሆኜ እጅጌያቸውን ዘመዘምኩላቸው። ሐኪሞቹ በስማቸው ፈንታ «ሌላስ» ብለው እንደሚጠሯቸው የሰማሁት ያኔ ነው። ያየኝ ወጣት ነገረኝ፤ ማንም ሰው አንድ ነገር አገኘሁ ሲላቸው ጥያቄያቸው ያው ነው። ልጃችን ስትወለድ ሜትር አዲስ ጋዋን ሰፋላቸው፤ እኔ ኮሌታው ውስጥ «ሌላስ?» ብዬ በሰማያዊ ክር ጠለፍኩበት። ገልብጠው ለብሰው ነበር አሉ ያን ቀን ክፍል ለክፍል የዞሩት።

ልጄ በሁለቱ ማሽኖች መሃል ዳዴ እያለች አደገች። ጉልበታችን ሥር ቁራጭ ጨርቅ እየሰበሰበች ታለብሰናለች። ሜትር ማታ ማታ «ሌላስ?» ይለኛል፤ «ደህና» ካልኩ እራት አይበላም ነበር። አሁን ያ ክፍል ስልክ መጠገኛ ሆኗል። በዚያ ሳልፍ አንገቴን አስግጌ አያለሁ፤ ማሽኖቹ የነበሩበት ቦታ የመስታወት መደርደሪያ ቆሟል፤ የሬዲዮዋን መደርደሪያ የያዘው ሚስማር ግን ግድግዳው ላይ አለ። ሐኪሙም ሜትርም አልፈዋል። የሱ ማሽን ዛሬም ፊት ለፊቴ ነው፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጠምጥሜለታለሁ። ስሠራ ጉልበቴን ወደዚያ እዘረጋለሁ፤ የሚነካኝ ብረት ነው።

ስልኩ ጮኸ። መጋረጃው ከእጄ ወደቀ።

«እማዬ! አየሁት! ልቡ ይመታል! ማህፀን ውስጥ ነው!»

«ተመስገን» አልኩ። እውነቴን ነው ያልኩት። አፌ ግን አላረፈም። «ሌላስ?»

ሳቀች። «አውቅሻለሁ፣ እኔው ጠየቅኩልሽ። ሐኪሟን ሌላስ ስላት ሰላምታ መስሏት ደህና ነኝ አለችኝ። ኋላ ነገርኳት። ግራዬንም ቀኜንም ቀስ ብላ አሳየችኝ። ሌላ የለም እማዬ። አንድ ብቻ ነው።»

«ሌላ የለም» አልኩ፣ ደገምኩት። ትከሻዬ ወደ ታች ሲወርድ ተሰማኝ፤ ከጠዋት ጀምሮ ጆሮዬ ሥር ሰቅዬው ኖሯል።

«አንቺስ?» አለችኝ። «ሌላስ?»

ደህና ልላት ነበር። ደህና ነኝ፣ ከደህናም በላይ ነኝ፣ አያት ልሆን ነው። የሜትር ማሽን ፊት ለፊቴ አፍጥጦብኛል፤ ሕግ ሕግ ነው።

«ሌላውን እያሰብኩ ነው» አልኳት።

የማንን፣ የምኑን ብላ አልጠየቀችኝም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔም ስክሪኑን ሳይ እሱን ነበር የፈለግኩት» አለችኝ።